ጡረታሽንም እኩል እንካፈል አለኝ

ደብዳቤው

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤዬ ከረዘመ ይቅርታ። ዕድሜዬ 63 ነው። 34 ዓመት አስተምሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። መጀመሪያ መንዝ፣ ኋላ ደብረ ብርሃን ነው ያስተማርኩት። የመጀመሪያው ባሌ ሲሞት ልጄ ገና ትንሽ ነበረች። ብቻዬን አሳድጌ አስተማርኳት። ጠባሴ አካባቢም ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሠራሁ።

የአሁኑን ባለቤቴን ያገባሁት በ49 ዓመቴ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በአሰብ መንገድ የጀመረ ሰው ነው። ጎረቤት አስተዋወቀን፣ ሽማግሌ ላከ፣ ሰማንያ ተፈራረምን። ሰማንያው ላይ ቤቱ የእኔ መሆኑ ተጽፏል። ጡረታ ግን በዚያን ሰዓት ለማንም ትዝ አላለውም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ነበሩ፤ አልዋሽም። እኔ ከደሞዜ ስቆጥብ አስቤዛውን የሚችለው እሱ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት ስንሠራ ድንጋዩን ያመላለሰው፣ ከግንበኛው ጋር የዋለው እሱ ነው። ዛሬ ሁለቱም ተከራይተዋል። ነገሩ የተበላሸው እኔ ጡረታ ስወጣ ነው። እሱ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት መንዳት ካቆመ ቆይቷል። በወሩ ጡረታዬን ተቀብዬ ስመለስ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እንዴት ዋልሽ የለ፣ ደከመሽ ወይ የለ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ስንት ገባ?» ነው። ለልጁ ባጃጅ መግዣ አልሰጥም ስል አኮረፈ። አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ድስታችን ተለያይቷል።

ባለፈው ወር «እንፋታ» አልኩት። «እሺ፣ ግን ጡረታሽንም እኩል እንካፈላለን» አለኝ። በእሱ በኩል የመጡት ሽማግሌ «ትዳር ውስጥ የገባ ብር የጋራ ነው» ብለው ደገፉት። ልጄ ከአዲስ አበባ ትደውልና «እማዬ፣ አንዲት ሳንቲም እንዳትሰጪው» ትለኛለች። እኔ ከ34 ዓመት ውስጥ 23ቱን ያስተማርኩት እሱን ሳላውቀው ነው። በዚያ በመንዝ ብርድ፣ በእግሬ እየሄድኩ። ያ ድካም እንዴት የእሱ ይሆናል?

ደግሞ ማታ ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል። 68 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የለው፣ ዓይኑ አያይ። ከዚህ ግቢ ቢወጣ የት ይወድቃል? ግፍ ይሆንብኝ ይሆን?»

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ መምህርት፣

እንቅልፍ የነሳዎትን ነገር መጀመሪያ ልመልስ። ብትፋቱ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚገባው የጡረታ አበል ለሁለት አይከፈልም፤ የእርስዎ ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎ። የእናንተን ትዳር የሚዳኘው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ይህ ሕግ እንደ ፌዴራሉ የ1992 ሕግ ሁሉ፣ ሰው ትዳር ሲይዝ የነበረው ሀብት የግሉ ሆኖ ይቀጥላል ይላል። የጡረታ መብት ደግሞ በሠራተኛው ስም የቆመ ነው፤ ለሌላ ሰው አሳልፈው የሚሰጡት ነገር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ 1267/2014፣ ከባለ ጡረታው ሌላ የሚያውቀው ተተኪዎችን፣ ማለትም ከእሱ በኋላ የሚቀሩ የቤተሰብ አባላትን ነው። ተተኪ የሚመጣው ደግሞ ባለ ጡረታው ሲሞት ነው። በሕይወት ላለ፣ ለተፋታ ባል ወይም ሚስት በየወሩ ድርሻ ተቆርሶ የሚሰጥበት አሠራር በአዋጁ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ግማሹ ይገባኛል» የሚለው ንግግር አያስደንግጥዎ።

እስቲ ግን የራስዎን ጡረታ አብረን እናስላው። በማን ድካም ምን እንደተገነባ ሲታይ ብዙ ነገር ይጠራል። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት ከአማካይ ደመወዝዎ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። እርስዎ 34 ዓመት ስላገለገሉ 60 በመቶ ደርሶልዎታል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ባለቤትዎን ሳያውቁ የሠሩባቸው 23 ዓመታት ብቻቸውን 46.25 በመቶ ናቸው። አብራችሁ ሆናችሁ ያስተማሩባቸው 11 ዓመታት የጨመሩት 13.75 በመቶ ነው። በመንዝ ብርድ የተመላለሱበት ድካም የትም አልሄደም፤ እዚያው ቁጥሩ ውስጥ አለ።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ያ 60 በመቶ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። እነዚያ ዓመታት ደግሞ ትዳር ውስጥ የነበሩባቸው ናቸው። ሕጉ ይህን ተንትኖ ለባለቤትዎ ድርሻ አይሰጥም፤ አይፍሩ። እኔ የማነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው። በእነዚያ ዓመታት የፈተና ወረቀት ሲያርሙ ሲያመሹ ቤቱን ማን ያዘው? ታመው ትምህርት ቤት ያልሄዱ ቀን ማን አስታመመዎት? መልሱን እኔ አላውቀውም፤ እርስዎ ያውቁታል። ምናልባት «ማንም» ይሉ ይሆናል፣ ምናልባት «እሱ» ይሉ ይሆናል። ከሽማግሌ ፊት ከመቀመጥዎ በፊት ለራስዎ ይመልሱት።

አሁን ደስ የማይልዎትን ልናገር። ቢከፋዎትም ዛሬ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። ሽማግሌው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ እስከ ፍቺው ድረስ እጃችሁ የገባ ገቢ፣ በየትኛውም ስም ይሁን፣ የጋራ ነው። የ11 ዓመት ደሞዝዎ፣ ላለፉት 3 ዓመታት የተቀበሉት ጡረታ፣ የሁለቱ ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ፤ ከዚህ ሁሉ ተርፎ ባንክ ያለው ብር በእርስዎ ስም ቢሆንም የጋራ ተደርጎ ይቆጠራል። «የግሌ ነው» የሚል ሰው ማስረጃ ማምጣት ያለበት ራሱ ነው። ባለቤትዎ በሹፌርነት ያገኙት ገንዘብም እንደዚሁ የጋራ ነበር፤ ያውም እርስዎ እንደጻፉት አስቤዛ ሆኖ አብራችሁ በልታችሁታል። የእርስዎ ደሞዝ ሊቆጠብ የቻለው የእሳቸው ብር ለጤፍና ለዘይት ስለወጣ ነው። ባንክ ያለው ብር ላይ የእሳቸው ስም አይታይ ይሆናል፣ ድርሻቸው ግን አለበት።

የቤቱም ነገር እንደዚያው ነው። ሦስቱ ክፍሎች የእርስዎ ናቸው፣ ሰማንያችሁም ይመሰክራል። ሁለቱ ሰርቪሶች ግን በትዳር ጊዜ፣ በጋራ ገንዘብና ጉልበት ተሠርተዋል። ቤቱ የእርስዎ ሆኖ ቢቀጥል እንኳ ባለቤትዎ የእነዚያን ክፍሎች ግምት ቢጠይቁ አግባብ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ የግል ንብረት በትዳር ጊዜ ያፈራውን ገቢም የጋራ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሦስቱ ክፍል አንዱን አከራይተው ቢሆን ኖሮ ያም ኪራይ የሁለታችሁ ነበር። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ፍርድ ቤት ደርሶ ይደነግጣል።

ልጅዎን አልቀየማትም። እናቷ ለብቻዋ ስትለፋ ያየች ልጅ ናት፤ ብትቆጣ አይገርምም። ግን «አንዲት ሳንቲም» የሚለው ምክር ይጎዳዎታል። በስሜት ተነስተው ብሩን አውጥተው ለእሷ ቢያስተላልፉ፣ ዳኛ ፊት የጋራ ገንዘብ እንዳሸሹ ተቆጥሮ መልሰው ይከፍሉታል። እውነተኛው መብትዎም አብሮ ይጠረጠራል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ልጅዎ ብትደውል «የእኔ የሆነውን አሳልፌ አልሰጥም፣ የእሱ የሆነውን ደግሞ አልወስድም» ይበሏት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ደብዳቤዎን ሳነብ «ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄ አሳዘነኝ። ለእርስዎም ለእሳቸውም። ከባንክ ደክሞት የመጣ ሰው በር ላይ እንደ ገንዘብ ያዥ ሲጠየቅ ይቆጣል፤ ደግሞም ክብር ይነካል። ግን ከጥያቄው በስተጀርባ ምን እንዳለ አስበው ያውቃሉ? የግል ድርጅት ሠራተኞች የመንግሥት ጡረታ ውስጥ የገቡት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ያ ሲሆን ባለቤትዎ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። መሪ ላይ ያሳለፉት ያ ሁሉ ዘመን አልተቆጠረላቸውም። ስንፍና አይደለም፣ አባካኝነትም ላይሆን ይችላል። ዛሬ እጃቸው ላይ ያለ ብቸኛ ተስፋ የእርስዎ ጡረታ ነው። እርስዎ ትዳር ላይ እያሉ ቢያርፉ ግማሹ፣ 50 በመቶው፣ በተተኪነት ለእሳቸው ይሄድ ነበር። ከተፋታችሁ ያ ተስፋ ይዘጋል። «ጡረታሽን እኩል» ያሉት ስግብግብነት ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ጭንቅም ሊሆን ይችላል። ሳይጣሉ አንድ ቀን ይጠይቋቸው፤ «ምንድን ነው የሚያስፈራህ?» ብለው። ኩርፊያ በገባበት ቤት ይህን መጠየቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ፍቺውን ራሱን በተመለከተ ይፋቱ ወይም ይኑሩ ብዬ አልመርጥልዎም። ዱላ የለም፣ ስድብም አልጻፉልኝም። ያለው ኩርፊያና ገንዘብ ነው። የተጣላችሁት በጡረታው ብቻ ከሆነ፣ ለልጅ ባጃጅ መስጠት አለመስጠት፣ ማን ምን ይከፍላል የሚለውን በወረቀት ብትነጋገሩ ድስታችሁ ይገናኝ ይሆን? ወይስ ጡረታው ሰበብ ሆኖ ልብዎ ከዚያ በፊት ወጥቷል? ሁለተኛው ከሆነ ራስዎን አይውቀሱ። በ63 ዓመት ሰላም መፈለግ ነውር አይደለም።

አንዳንድ ዘመድ «ይሉኝታ አለ፣ ሳትፋቱ ዝም ብላችሁ ተለያዩ» ይላችሁ ይሆናል። እኔ ይህን አልወደውም። ተለያይታችሁ እየኖራችሁ ሰማንያው እንዳለ ከሆነ፣ በየወሩ የሚቀበሉት ጡረታ የጋራ እየተባለ ይቀጥላል። አንዳችሁ የምትበደሩትም ሌላውን ሊነካ ይችላል። ለብዙ ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱትን ፍርድ ቤት እንደተፋቱ የቆጠረበት ጊዜ አለ። በዚያ ተማምኖ መቀመጥ ግን ለልጆቻችሁ ክርክር ማውረስ ነው። ከኖራችሁ ኑሩ፤ ከተለያያችሁ በሕግ ተለያዩ።

ፍቺ ከሆነ፣ በስምምነት ቢሆን እመኛለሁ። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማልም፤ ፍቺውን የሚያጸድቀው ግን ፍርድ ቤት ነው። ሁለታችሁ ስለ ንብረቱ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ታቀርባላችሁ። ዳኛው ያናግራችኋል፤ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል። ሽማግሌ ፊት ተሸማቀው «ዕድሜ ልኬን የጡረታዬን ግማሽ እሰጣለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ግን እንዳይፈርሙ። የማይተላለፍ መብት ላይ የተጻፈ ቃል ኋላ ለሁለታችሁም ጣጣ ነው። እርስዎም ሲታመሙ፣ መድኃኒት ሲያስፈልግዎ በዚያ ብር ነው የሚኖሩት።

«ግፍ ይሆንብኝ ይሆን?» ላሉት፣ መብትዎን መጠበቅ ግፍ አይደለም። እንዲያው ልብዎ እንዲያርፍ ማድረግ የሚችሉት ነገር ግን አለ። ከባንኩ ብር ድርሻቸውን፣ ከሰርቪሶቹ ግምታቸውን ሳያስለምኑ ይስጧቸው። ያ ምጽዋት አይደለም፣ ሀብታቸው ነው። ከዚያ በላይ ልርዳ ካሉ በልክና በጊዜ ይወስኑት። ለምሳሌ ቤት ተከራይተው እስኪደላደሉ ለጥቂት ወራት ኪራይ መሸፈን፣ ወይም አንዱን ሰርቪስ ለተወሰነ ጊዜ እንዲኖሩበት መተው። ግቢ መጋራቱን ይችሉት እንደሆነ ግን በደንብ ያስቡበት፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ መተያየት አለ።

ከሁሉ በፊት ግን ዓይናቸውን ያሳክሙ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነገር ነው። ከጋራው ብር ላይ ወጪው ይቀነስና ከፍቺው በፊት ይታከሙ። ማየት የቻለ ሰው፣ መንዳት ባይችል እንኳ፣ በር ላይ ተቀምጦ የሰው እጅ አይጠብቅም። እሳቸውም ስለ ገንዘቡ ሲነጋገሩ የሚፈርሙትን ወረቀት ራሳቸው ያነቡታል።

በዚህ ሳምንት ቢጀምሩት ጥሩ የሚሆነውን ልንገርዎ። የጡረታ ውሳኔ ደብዳቤዎን፣ ሰማንያውን፣ የቤቱን ካርታና የግንባታ ፈቃድ አንድ ፌስታል ውስጥ ይሰብስቡ። ከባንክ የሂሳብ መግለጫ ያውጡ፤ ከተቻለ ከሠርጋችሁ ዓመት ጀምሮ። ያኔ ደብተሩ ላይ የነበረው ብር ከተገኘ የግልዎ ነው፤ እሱን ለማሳየት ይጠቅምዎታል። ሰርቪሶቹ መቼ እንደተሠሩና ምን ያህል እንደፈጁ የሚያስታውሱትን ይጻፉ። ግንበኛው በሕይወት ካለ ይጠይቁት። ከዚያ የሕግ ሰው ያማክሩ። ለጠበቃ የሚሆን ከሌለ ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ትምህርት ቤታቸው በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሄደው ይጠይቁ። ከተቻለ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። አንድ ባለሙያ ለሁለታችሁ እኩል ሲነግራችሁ «አንተ እንዲህ አልክ፣ አንቺ እንዲህ አልሽ» ይቀንሳል። ለሽምግልና ደግሞ ከእሳቸው ወገን ብቻ ሳይሆን ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰው ጨምሩ፤ የንስሐ አባታችሁም ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰው ሁሉ የሚረሳውን ደግሞ ላስታውስዎ። እድራችሁ በማን ስም ነው? በእሳቸው ስም ከሆነ፣ ከፍቺው በኋላ እርስዎ አባል አይደሉም ሊባሉ ይችላሉ። ሰማንያው ሳይቀደድ የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ያነጋግሩና በራስዎ ስም ይመዝገቡ። በእርስዎ ስም ከሆነም እሳቸው እንዲመዘገቡ ይርዷቸው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁም ደብተሩ በቤተሰብ ስለሆነ የሚለየው ሰው የራሱን ማውጣት ይኖርበታል። ምዝገባው ወቅት ስላለው ቀበሌ ሄደው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። እሳቸው የዓይን ሕክምናውን ሳይጨርሱ መድኑ እንዳይቋረጥባቸው ቀኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።